የቀረውን ወጥ አይድፉት፦ እንግዶች ታመው የጤና ቢሮ ሲመጣ

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ክርስትና የ60 ሰው ያህል ምግብ ሠርተን ላክን። ክትፎ፣ ቀይ ወጥ፣ ጎመን፣ አይብና ሰላጣ ነበር። ቀይ ወጡን ዓርብ ማታ ነው የሠራነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተበላ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛቸው። ሁሉም ክትፎው ነው ይላል። የካውንቲው ጤና ቢሮ ደውሎ ነገ እንመጣለን ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ የቀረውን ደፍተን ኩሽናውን እንጠብ ይላል። ምንድን ነው የሚፈልጉት? ይዘጉኛል? ለእንግዶቹስ ምን ልበል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ይህን እንዳነበቡ ወደ ፍሪጁ ይሂዱ። ከቅዳሜው ምግብ የቀረ ካለ በነበረበት ዕቃ እንዳለ ይክደኑት። «አይነካ፣ አይጣል» ብለው ወረቀት ይለጥፉበትና ለብቻው ያስቀምጡት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይክተቱት። እኔ የምጠረጥረው ባክቴሪያ በረዶ ሲያገኘው አብዛኛው ይሞታል፤ ላቦራቶሪው የሚቆጥረው ደግሞ በሕይወት ያለውን ነው። ባለቤትዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። ሰው ታመመ ሲባል ማንም ወደ መጥረጊያውና ወደ ሳሙናው ነው የሚሮጠው። ግን ምግቡ ከተደፋ ክትፎው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳዩበት ነገር አይኖርዎትም።

እኔ በምግብ የሚመጡ ወረርሽኞችን የምከታተል የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። ኩሽናዎን ሳላይ አልፈርድም፤ ነገ የሚመጡት ሰዎች የሚያገኙትንም አልቀድምም። ሆኖም የነገሩኝ ሰዓት ብዙ ይናገራል።

በዚህ ሥራ ከምግቡ ዝርዝር በፊት የሚጠየቀው ሰዓቱ ነው። መቼ በላህ? መቼ ጀመረህ? አስመለሰህ ወይስ ተቅማጥ ብቻ ነው? ትኩሳትስ ነበረህ? እያንዳንዱ ተህዋሲ የራሱ ሰዓት አለው። ስታፊሎኮከስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውን ያስመልሰዋል። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ትውከቱም ኃይለኛ ነው። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ትኩሳትም ያመጣል። አደገኛው የኢ. ኮላይ ዓይነት ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ቀን ይፈልጋል፤ ተቅማጡም ደም ሊቀላቅል ይችላል።

የእርስዎ እንግዶች 8 ሰዓት ላይ በሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሡ። 10 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ቁርጠትና ተቅማጥ ጠቅሰዋል፤ ትውከትና ትኩሳት ግን አልጠቀሱም። እሑድ ማታ አብዛኞቹ ተሽሏቸው ከነበረ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ይህ ሁሉ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለውን ባክቴሪያ ይመስላል። ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥም ይለቃል። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚያሳምም ይገመታል። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያም ሰዓቱ ይቀራረባል። እሱም ቢሆን የሚወደው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው፤ በብዛት ተሠርቶ ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ምግብ።

ሰው ክትፎውን የጠረጠረው ጥሬ ስለሆነ ነው። አይፈረድበትም። ጥሬ ወይም ለብለብ ሥጋ የራሱ አደጋ አለው፤ በተለይ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንቶች። ግን የክትፎ ዋና ዋና አደጋዎች ሰዓታቸው ሌላ ነው፤ ምልክታቸውም ሌላ ነው። 20 ሰው በአንድ ሌሊት፣ በተቀራረበ ሰዓት፣ ያለ ትኩሳት ሲታመም ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው በደንብ ወደበሰለው ወደ ትልቁ ድስት ነው። ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ የሚፈጠረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

አንድ ትልቅ ድስት ቀይ ወጥ ከእሳት ሲወርድ በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት። ሽንኩርቱ ሟሟቷል፤ ወጡ ወፍራም ነው፤ ቅቤው ላዩ ላይ ተኝቷል። ሲፈላ ሕያው ባክቴሪያዎቹ ሞተዋል። ስፖሮቹ ግን አልሞቱም። ስፖር ማለት ይህ ባክቴሪያ ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርፊት ነው። ከሥጋውም ከቅመሙም ጋር ሊመጣ ይችላል፤ መፍላትም አይገድለውም። ባክቴሪያው ደግሞ አየር አይወድም፤ መፍላቱ አየሩን ከወጡ ውስጥ አስወጥቶለታል። አሁን ድስቱ ተከድኖ ምድጃው ላይ ተቀመጠ። ጠርዙን ቢነኩት ቀዝቅዟል። መሃሉ ላይ ቴርሞሜትር ቢሰኩ ግን ከሰዓታት በኋላም ገና ሙቅ ነው። ቀጭን መረቅ ቢሆን ሙቁ ከቀዝቃዛው ጋር እየተገላበጠ ቶሎ ይበርድ ነበር። ወፍራም ወጥ ግን አይገላበጥም። ቅቤውም ከላይ ሙቀቱን ይይዛል።

ይህ ባክቴሪያ በጣም የሚመቸው ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ቁጥሩ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ከሦስት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ሚሊዮን ይሆናል። ሽታው አይቀየርም፤ ጣዕሙም አይቀየርም። ያዘጋጁት ሰዎች ቀምሰው «ግሩም ነው» ብለው ነው የላኩት፤ ግሩምም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት የኤፍዲኤ (የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የምግብ ደንብ ስለዚህ ነው ማቀዝቀዝ ላይ የሚጠብቀው። የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ ለመድረስ ያለው ጊዜ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ በጠቅላላው 6 ሰዓት ነው። በፋራናይት 135፣ 70 እና 41 ማለት ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የጠበበው ባክቴሪያው የሚሮጥበት ሙቀት እዚያ መሃል ስለሆነ ነው። ትልቅ ድስት ብቻውን ይህን በፍጹም አያሟላም። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አይረዳም፤ እንዲያውም በዙሪያው ያለውን ምግብ ያሞቀዋል።

አገር ቤት እናቶቻችን ያደረ ወጥ ጠዋትና ማታ ያንተከትኩት ነበር። ደህና ዘዴ ነው፤ በመካከል የተራባውን ባክቴሪያ ይገድላል። የሚሠራው ግን ለቤት ድስት ነው። የ60 ሰው ወጥ ቅዳሜ ጠዋት በጥድፊያ ሲሞቅ ጎኑ ይፈላል፣ መሃሉ ለብ ይላል። ደንቡ ሁሉም የምግቡ ክፍል 74 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት 165፣ እንዲደርስ ይጠይቃል። ቡፌ ላይ ያለው ሙቅ ማቆያ ደግሞ የሞቀውን ለማቆየት እንጂ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ አልተሠራም። ከዚያ ወጡ ወደ ፎይል ትሪ ይገባል፣ መኪና ላይ ይጫናል፣ አዳራሽ ይደርሳል። ካህናቱ መጥተው ጸሎት እስኪደርስ ሌላ አንድ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰዓት ይደመራል።

እንግዲህ ነገ ምን ይፈልጋሉ ላሉት፣ በዋናነት የሚፈልጉት ይህንን ታሪክ ነው። የተለመደው ቁጥጥር ላይ ኢንስፔክተሩ የዛሬውን ኩሽና ያያል። የወረርሽኝ ምርመራ ላይ ግን የዓርብንና የቅዳሜን ኩሽና መልሶ መገንባት አለበት። ሥጋው መቼ ገባ? ማን ከተፈው? ወጡ ስንት ሰዓት ላይ ወረደ? በየትኛው ድስት ነበር? የት አደረ? በምን ተከፋፈለ? ማን አሞቀው? ቴርሞሜትር ተሰክቶ ነበር? ወጥ ሠሪዋን ለብቻቸው ያናግሯቸዋል። ከቻሉም ወጡ እንዴት እንደሚሠራ አንዴ እንዲያሳዩዋቸው ይጠይቃሉ። የዓርቡን ድስት አውጥተው ያሳዩዋቸው። ጥልቀቱን ይለኩታል።

በዚያው ጊዜ ሌሎች ባልደረቦቻቸው እንግዶቹን እየደወሉ ይጠይቃሉ። የታመሙትን ብቻ ሳይሆን ያልታመሙትንም። ሰው ይህ ይገርመዋል፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለምን ትደውሉልኛላችሁ?» ይላል። ያልታመመው ሰው መልስ ከሌለ ግን ማነጻጸር አይቻልም።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ቁጥሩን እኔ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ነው። 58 ሰው ተጠየቀ፤ 24 ታሟል እንበል። ክትፎ ከበሉት 40 ሰዎች 16 ታመሙ፤ 40 በመቶ ነው። ክትፎ ካልበሉት 18 ሰዎች ደግሞ 8 ታመሙ፤ 44 በመቶ። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ቀይ ወጡ ስንመጣ ከበሉት 36 ሰዎች 23 ታመሙ፤ 64 በመቶ ገደማ። ካልበሉት 22 ሰዎች የታመመው 1 ብቻ ነው፤ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ወጡን የበላ ሰው የመታመም ዕድሉ ካልበላው 14 እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ከታመሙት 24 ሰዎች 16ቱ ክትፎ በልተዋል። ሰፈሩ «ክትፎው ነው» ያለው ይህችን 16 ብቻ አይቶ ነው።

ያ ወጥ ሳይበላ የታመመው አንድ ሰውስ? እዚህ ላይ የእኛን ገበታ የማያውቅ መርማሪ ሊሳሳት ይችላል። ፎርሙ ላይ «ቀይ ወጥ በልተዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሰውየው «አልበላሁም፣ ሥጋ አቁሜያለሁ» ይላል። ግን ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። ጎመኑን የጠቀለለበት እንጀራ በወጡ የራሰ ነው። ወይም አክስቱ አንድ ጉርሻ አጉርሰውታል፤ እምቢ አይባልም። ስለዚህ ነገ ለሚመጡት ሰዎች ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፦ ስንት ሰው ከአንድ ትሪ እንደበላ፣ ወጡ እንጀራው ላይ ፈስሶ እንደቀረበ ወይስ ለብቻው እንደነበረ። ጥያቄው «ወጡ የነካውን እንጀራ በልተዋል?» ቢባል ይሻላል። ይህን የሚነግራቸው ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም።

ከውጭ የመጣ ምግብም ይጠየቃል። በእኛ ድግስ ላይ አንዷ ዳቦ ትደፋለች፣ ሌላዋ ሰላጣ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱ ጠላ ያመጣል። እርስዎ ያልሠሩትን ሁሉ ዘርዝረው ያስመዝግቡ። ጣት መቀሰር አይደለም፤ ዝርዝሩ ካልተሟላ ስሌቱ ይፈርሳል። ተቋጥሮ ወደ ቤት የሄደ ምግብ ካለም ደጋሾቹ እንዳይጥሉት ይንገሯቸው። አንዳንዴ የሚመረመረው ምግብ የሚገኘው ከእንግዳ ፍሪጅ ነው።

ከታመሙት ሰዎች ሰገራ ይፈለጋል። ይህን ሰው ያፍርበታል፤ ነገር ግን ያለ እሱ መንስኤው ተረጋገጠ ለማለት ይከብዳል። ቢያንስ ሁለት የታመሙ ሰዎች ናሙና ላይ ባክቴሪያው በብዛት ወይም መርዙ ከተገኘ መንስኤው ይረጋገጣል። ከምግቡ በኩል ደግሞ በአንድ ግራም 100,000 ባክቴሪያ ከተቆጠረ እንደ ማረጋገጫ ይወሰዳል። የተወሰነ ባክቴሪያ ብቻ መገኘቱ በቂ አይደለም፤ በአካባቢያችንም በአንጀታችንም አለና።

አሁን ስለ መደፋቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 የገና ዕለት በምሥራቅ ለንደን፣ ሆርንቸርች ውስጥ፣ ሬልዌይ ሆቴል በሚባል መጠጥ ቤት የገና ምሳ የበሉ 33 ሰዎች ታመሙ። አንዲት ሴት ሕይወታቸው አለፈ። መንስኤው ያው ፐርፍሪንጀንስ ነበር፤ ቀድሞ ተሠርቶ በአግባቡ ያልቀዘቀዘ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሥጋ። መርማሪዎቹ ሲደርሱ የተረፈው ሥጋ ተጥሎ ነበር። የሙቀት መዝገቡም ከነገሩ በኋላ የተፈበረከ ሆኖ ተገኘ። በጥር 2015 ፍርድ ቤቱ ባለቤት የሆነውን ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። ሥራ አስኪያጇ 18 ወር፣ ሼፉ 12 ወር እስር ተፈረደባቸው። ሁለቱን ለእስር ያበቃቸው ሥጋውን ማበላሸታቸው ሳይሆን ማስረጃ ማጥፋታቸውና መዝገብ መፈብረካቸው ነው። እርስዎ የዓርብ የሙቀት መዝገብ ከሌለዎት «የለኝም» ይበሉ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ። ያልተያዘ መዝገብ ሊስተካከል የሚችል ጥፋት ነው፤ የውሸት መዝገብ ግን ወንጀል ነው።

ኩሽናውንም የተለመደውን የዕለት ጽዳት ያጽዱት፤ ዕቃ ሳይታጠብ ይደር አልልም። ግን የቀረ ምግብ፣ የሥጋ ደረሰኝና የግዢ ምልክት የተለጠፈባቸው ካርቶኖች አይጣሉ። ሥጋው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ከእነሱ ነው።

የሠራተኞች ጤናም ይጠየቃል። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሆዱን ያመመው፣ ያስመለሰው ሰው ነበር? የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሲዲሲ ከ2017 እስከ 2019 በምግብ ቤቶች የተነሡ 800 ወረርሽኞችን አጥንቶ ነበር። ለችግሩ አስተዋጽኦ ያደረገው ነገር ከተለየባቸው ውስጥ 40 በመቶ ገደማው ላይ የታመመ ሠራተኛ ነበረበት። በታኅሣሥ 2015 ቦስተን በሚገኝ አንድ የቺፖትሌ ምግብ ቤት 141 ሰው በኖሮቫይረስ ታሟል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዳለው ሥራ እየተለማመደ የነበረ ሥራ አስኪያጅ እዚያው አስመልሶ ሳለ ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። ኩባንያው ለዚህና ለሌሎች መሰል ጉዳዮች በ2020 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የእርስዎ ጉዳይ ኖሮቫይረስ አይመስለኝም። ቢሆንም ሠራተኛ ታሞ ከነበረ ይናገሩ። ሠራተኛው እውነቱን እንዲናገር ደግሞ ደመወዙ እንደማይቆረጥበት ከአሁኑ ይንገሩት። የቀን ገቢውን የሚያጣ ሰው አመመኝ አይልም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሕመሙ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ምግብ ባይነካ ጥሩ ነው። ሠራተኞችዎ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቁናል ብለው ከፈሩም የጤና መርማሪ ሥራው ይህ እንዳልሆነ ያስረዷቸው።

ይዘጉኛል ወይ ላሉት፣ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሰው የሚያሳምም ነገር ሲገኝ ነው። ፍሪጁ ካልሠራ፣ ሙቅ ውኃ ከሌለ፣ የታመሙ ሠራተኞች ምግብ እያዘጋጁ ከተገኙ ሊዘጋ ይችላል። ችግሩ የማቀዝቀዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ አሠራሩ እዚያው እንዲስተካከል ይደረግና ተመልሰው ያያሉ። እዚህ ላይ ቀድመው ቢጀምሩ ይጠቅምዎታል። ወጡ ከእሳት እንደወረደ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ብቻ ጥልቀት ባላቸው ሰፋፊ ትሪዎች ይከፋፈል። እስኪቀዘቅዝ አይከደን፣ አይደራረብ። ትሪው በበረዶ የተሞላ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ቢማሰል ደግሞ ይፈጥናል። ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው፦ ቁሌቱን ብቻ ቀድሞ ሠርቶ በትሪ አቀዝቅዞ ማሳደር፤ ሥጋውን በድግሱ ዕለት ጠዋት መጨመር። ወጥ ሠሪዎ «ያደረ ወጥ ነው የሚጣፍጠው» ካሉ፣ ልክ ናቸው። ይደር፤ ግን ፍሪጅ ውስጥ በትሪ ይደር። ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ውድ አይደለም። የሙቀቱንና የሰዓቱን ቁጥር ወጥ ሠሪዋ ራሳቸው በአማርኛ ቢጽፉትም ምንም አይደለም፤ ዋናው ነገር ወጡ በበረደበት ሰዓት መጻፉ ነው።

የእንግዶቹን ነገር በመጨረሻ ላንሣ። ደጋሾቹን ዛሬ ይደውሉላቸው። ነገሩ እስኪጣራ «ክትፎው ነው» ወይም «ወጡ ነው» አይበሉ፤ «እኛ አይደለንም»ም አይበሉ። «ሰዎቹ መታመማቸውን ሰምተናል፤ በጣም አዝነናል፤ ምርመራው እየተካሄደ ነው፤ የቀረ ምግብ ካለ አትብሉት፣ አትጣሉትም፤ ከካውንቲው ሲደወልላችሁ እባካችሁ መልሱላቸው» ይበሉ። የእንግዶቹን ስምና ስልክ ለመርማሪዎቹ እንዲሰጡም ይጠይቋቸው። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ታሞ ከሆነ ግን ምርመራውን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ወደ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ትኩሳት፣ ውኃ እንኳ የማያስቀምጥ ትውከት፣ ሽንት መጥፋት፣ ወይም ከ3 ቀን ያለፈ ተቅማጥ ያለበት ማንም ሰው እንደዚሁ። የተጠመቀው ሕፃን እናት የምታጠባ ከሆነችና ከታመመች ብዙ ፈሳሽ ትጠጣ፣ እጇን በሳሙናና በውኃ ትታጠብ፣ ማጥባቷን ትቀጥል። እሷን መጀመሪያ ይደውሉላት።